የእማዬ ክፍል ኤሲ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ሐኪሙ ፈቀደ! እማዬ የሙቀቱን ወራት እኔው ጋ ትከርማለች። ክፍሏ ከቀዘቀዘ ብቻ ነው ግን... ልቧ ሌላ እንደ አምናው ያለ ሙቀት አይችልም አለ። አምና እዚሁ ክፍል ውስጥ ራሷን ስታ አልነበር የወደቀችው?

ታላቅ እህቴ እትዬ ኮሶ የጠጣች መስላ ወጣች። ልትወስዳት ተዘጋጅታ ነበራ። በሰው ፊት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ያንቺ ቤት ምድጃ ነው። ግንቦት አንድ መጥቼ አየዋለሁ፣ ከሞቀ እማዬን ይዤ እሄዳለሁ።»

ነይና እዪ አልኳት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

ኤሲውን ከፈትነው። ማጉረምረም ብቻ፣ ቅዝቃዜ የለም። ባሌ አርጅቷል ይጣል አለ። አንተስ አርጅተህ የለ፣ ማን ጣለህ አልኩት። እሱ ሳቀ። እኔ ምኑ ያስቀኛል... ዐሥራ አምስት ቀን ቀረኝ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

እትዬ ደወለች። ለእማዬ አልጋ አንጥፋ ጨርሳለች አሉ። ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

የኤሲ ጠጋኙ መጣ። መሰላል ላይ ወጣ። ከዚያ ከኤሲው አናት ላይ ዳንቴል ገፈፈ። ወፍራም፣ ገበር ያለው። እትዬ በእጇ ሠርታ ያመጣችልኝ። ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም የእሷን ለብሰው፣ ኤሲው ብቻ ራቁቱን ይቅር?

«እናቴ፣ ይሄ እኮ አየር የሚስበው በአናቱ ነው» አለኝ። «አፍናችሁት ነው የከረማችሁት።»

ለካ ቤቴን ምድጃ ያደረገችው ራሷ ናት! ደስታዬን የት ላድርገው...

ማጣሪያውን ራሴ በሳሙና አጠብኩት፤ የወጣው ጭቃ ነው። ጠጋኙ የውጭውን ማሽን አጥቦ ጋዙን ለካ። ሙሉ ነው። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ በረደ።

ግን ያለበሰውስ ማን ነው? እኔው። በየሳምንቱ እያራገፍኩ መልሼ... እማዬ የወደቀችው በዚህ ይሆን? ይሄን ለማንም አልተናገርኩም።

ዓርብ፣ ግንቦት 1

እትዬ ቴርሞሜትር ይዛ መጣች! ግድግዳው ላይ ሰቅላ ከሥሩ ተቀመጠች፣ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ። ሃያ ሁለት። ብታንኳኳውም ሃያ ሁለት። የዳንቴሉን ነገር ዘረገፍኩላት። ፊቷ ቀላ።

«እኔ ኤሲ አልብሺበት አልኩሽ?» አለችኝ።

እውነቷን ነዋ፣ ጠረጴዛ ላይ ይሁን ብላ ነበር የሰጠችኝ። ያም ሆኖ አልተፋታችኝም፤ ድምፁ እማዬን አያስተኛትም ብላ ቀጠለች። እማዬ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ሳበች።

«ያንቺን ያህል አይጮህም» አለቻት። «የትም አልሄድም። ስትወጪ በሩን ዝጊው፣ ብርዱ ያመልጣል።»

እትዬ ቴርሞሜትሯን ነቅላ ወጣች። በሩን በደንብ ዘጋችው።

እሑድ ግንቦት 10፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ምሳ እማዬ ክፍል ውስጥ ነው። ዘመድ ጎረቤት አይቀርም፣ ጠጋኙም ይመጣል። እትዬም ትምጣ፣ ሹራብ ደርባ።