መልካው ላይ የተከልነው ችግኝ

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 17

ዛሬ ጠዋት ቦርከና ዳር ስንደርስ ሁመድን ከነከብቶቹ አጥራችን ሥር ቆሞ አገኘነው። በጋ በገባ ቁጥር ከአፋር ቆላ ወደ ጨፋ የሚወጣ ሰው ነው። ከብቶቹ ውሃው ሸቷቸው ይጮሃሉ፤ እሱ በዱላው ይመልሳቸዋል። ከንጋት ጀምሮ እንዲያ ነበር አሉ።

አጥሩን የቀየስኩት እኔ ነኝ። ክረምት ላይ የወንዙ ዳር እየተናደ ሲያስቸግር ከሰፈሩ ሰው ጋር ወጥተን ችግኝ ተከልን፤ በእሾህም አጠርን። ቦታው ባዶ ስለነበር ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ ሣር ያላበቀለው የከብት ኮቴ ስለረገጠው ነው። መልካው ነው፤ የሁመድ ከብቶች ከአባቱ ዘመን ጀምሮ ወደ ውሃው የሚወርዱበት። በክረምት እነሱ የሉም፤ እኛም ረሳናቸው።

ሰብሳቢያችን ሐጂ ሙሄ "ያ ረቢ፣ ምን ሠራን?" አሉና እሾሁን በእጃቸው መጎተት ጀመሩ። እኔ ተናደድኩ። ዛሬ ለእሱ ከተከፈተ ነገ የከሚሴ ከብት ሁሉ ይገባል አልኩ። አሁንም ይገባል ባይ ነኝ።

ሁመድን "አጥሩን ጥሰህ አትገባም ነበር?" አልኩት።

"የተከላችሁት ይረገጣላ" አለኝ።

ችግኙን ነቅለን ከመውረጃው ግራና ቀኝ አዛወርነው። በዚህ ፀሐይ ስንቱ እንደሚጸድቅ አላህ ይወቅ። ከብቶቹ ጠጥተው ሄዱ።

ያን የክረምት ቀን ስንቆፍር ሃያ ሰው እንሆን ነበር። አንዳችንም ግን "ሁመድ በየት ሊወርድ ነው?" አላልንም።