የማይዋኙት ህዋሶች

ኅዳር 4/74፣ ጠዋት 3፡00

ዛሬም ሰገራ፣ ሽንት፣ የወባ ደም። ላብራቶሪው በሰው ተጨናንቋል። ሳሉ ብሶብኛል። ትናንት በቀበሌ ስብሰባ ሊቀ መንበሩ በተናገረ ቁጥር ስለሳልኩ ያፌዝኩበት መሰለው፤ ጓድ ቃሲም ሐሳብ ካለው እጁን ያውጣ አለ። አዳራሹ ሳቀ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ ብል ማን ያምነኛል?

8፡00

ከአጋሮ መልክተኛ መጣ። የእናቴ ቃል፦ የዘንድሮው ቡና እንደተሸጠ ሌላ ሚስት ታጭልኛለች። ከሩቂያ ጋር ሰባት ዓመት ኖረን ልጅ የለም። ጥፋቱ የእሷ ነው ተብሎ ከተፈረደባት ቆይቷል። ሩቂያ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰማች። ከዚያ ወጥታ ለመልክተኛው ወጥ ጨመረችለት። ደብተሬ፣ ይህችን ሴት አላህ ለእኔ የሰጠኝ ምን አይቶብኝ ነው?

ኅዳር 9፣ ከሰዓት

የራሴን ዘር መረመርኩ። ናሙናው እንዴት እንደተገኘ ላንተም አልነግርህም። በሩን ቆልፌ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበስኩ። ቁጥራቸው ሙሉ ነው። በሕይወትም አሉ። የሚዋኝ ግን አንድም የለም። ሁሉም ጅራታቸውን ዘርግተው ባሉበት ቆመዋል። 

ለዶ/ር ኢሎና ነገርኳቸው፤ ከሃንጋሪ የመጡት ሐኪማችን ናቸው። ማዳመጫውን በግራ ደረቴ ላይ አደረጉ፤ ግራ ተጋቡ። ወደ ቀኝ አዞሩት። ልቤ በቀኝ በኩል ነው! የሆስፒታል ሠራተኛ ሆኜ ይህን ሁሉ ዓመት አላወቅኩም። ዶ/ሯ በጣም ሳቁ፣ ከዚያ መሳቃቸውን ተዉ። ሳሌ፣ የልቤ ቦታና የማይዋኘው ዘሬ ከአንድ ምንጭ ሊሆኑ ይችላሉ አሉ። ማረጋገጫው የጅራቱ የውስጥ ቅርጽ ነው፤ እሱን የእኛ ማይክሮስኮፕ አያሳይም። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል። እሳቸው አገር አለ። ለዕረፍት ሲሄዱ ናሙናውን ይወስዱልኛል። እሳቸው ምን ዕዳ አለባቸው? እንዲያው በደግነት።

ኅዳር 28

ናሙናው ሄደ። ቅርጹ እንዳይበላሽ በኬሚካል ተነክሮ፣ ጠርሙሱ በረዶ በሞላው ቴርሞስ ውስጥ ተቀምጦ። ቴርሞሱ የሩቂያ ነው፤ ለሠርጓ የተሰጣት። ምን እንደሚገባበት ስለነገርኳት፣ ለዶክተሯ ይሁንላቸው፣ እንዳይመልሱልኝ ብቻ ብላለች። ሰሞኑን እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

ጥር 12፣ ጠዋት 5፡00

ዶ/ሯ ተመለሱ። ሁለት ፎቶ። ሁለቱም የጅራት ቁራጭ ናቸው፤ እንደ ሽንኩርት በአግድም ተቆርጦ፣ በብዙ ሺህ እጥፍ ጎልቶ። አንዱ የጤነኛ ሰው፦ ዙሪያውን ዘጠኝ ጥንድ ቧንቧ፣ መሃል ላይ ሁለት። ከየጥንዱ ጥቃቅን እጆች ወጥተው ጎረቤታቸውን ይስባሉ፤ ጅራቱ የሚወዛወዘው በዚህ ነው። ሁለተኛው ፎቶ የእኔ። ዘጠኙም ጥንድ አለ። እጆቹ የሉም። በጣቴ እየዞርኩ ፈለግኩ፤ አንድም። በሳንባዬ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮችም እንዲሁ ናቸው አሉ፤ አክታውን የሚጠርግልኝ ስለሌለ ነው ዕድሜ ልኬን የምስለው። ልቤም በማኅፀን ሳለሁ ወደ ቀኝ የዞረው በዚሁ ሳቢያ ሳይሆን አይቀርም። መድኃኒት የለውም።

የማለቅስ መስሎኝ ነበር። የመጣው ምስጋና ነው። ሱብሐነላህ፣ ጎድሎ እንኳ እንዴት ያምራል! ዶ/ሯን አላህ ይስጥልኝ። ያንን መሣሪያ የሠራውን፣ ስሙን የማላውቀውንም ሰው። ሩቂያ ነጻ ወጣች።

ማታ 12፡30

ሩቂያ ነጻ መውጣት አትፈልግም። ለማንም አትንገር ብላ ታስምለኛለች። አልምልም አልኩ። መካንነቱን በእኔ ለምደውታል ትላለች፤ ሴት መካን ስትባል ይታዘንላታል፣ ወንድ ሲባል ግን ሄርማታ ገበያ ላይ መሳቂያ ነው። ሁለተኛዋንም አግባት አለች። ያቺን ደግሞ ሰባት ዓመት እናስፈርድባት? ጮህኩባት። ሳል አቋረጠኝ። ውሃ አመጣችልኝ። እንደተናደድኩ ጠጣሁት።

ጥር 15፣ አጋሮ

የይለፍ ወረቀቱን ከቀበሌ በስንት ልመና አግኝቼ መጣሁ። ከእናቴ ቤት አራት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ወደ ልጅቷ አባት ሊሄዱ። ትንሽ ብዘገይ ነገሩ አልቆ ነበር። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ተናገርኩ። ልጅ ያጣነው በእኔ ነው፣ በሩቂያ አይደለም አልኩ። ፎቶውን ዘረጋሁ። ትልቁ ሽማግሌ ገልበጥ አድርገው አዩትና የጋሪ ጎማ ነው እንዴ አሉ። ማንም አልሳቀም። ፊቴ ነደደ፤ ሩቂያ ይህን ነበር የፈራችልኝ።

 እናቴ ግንባሯን ያዘች።

«ያ ረቢ! ያቺን ልጅ ይህን ሁሉ ዓመት በነገር ስወጋት ኖርኩ።»

ሽማግሌዎቹ ሹልክ ሊሉ ተነሱ። አስቀመጠቻቸው። ለብሶ የወጣ ሽማግሌ ባዶውን አይመለስም አለች፤ የምትሄዱት ወደ ነዚፍ ቤት ነው። ነዚፍ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ሚስቱ አምስተኛ ልጃቸውን አርግዛለች። ልጁን በጉዲፈቻ እንዲለምኑልን ነው፤ የእኔና የሩቂያ ሆኖ እንዲያድግ።  ሩቂያ ሳትጠየቅ አይሆንም አልኩ። እሷንማ የምለምናት እኔ ነኝ አለች እናቴ።

ጥር 16፣ ጂማ፣ ከሰዓት

በጠዋቱ አውቶቡስ አብረን መጣን። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ አልገባም አለች። ሩቂያ መጀመሪያ እኔን አየችኝ፤ መናገሬ ገባት። ለዚያ እይታ ገና መልስ አለብኝ።

«አፉ በይኝ፣ ኢንተለ ኮ» አለቻት እናቴ፤ ልጄ ማለቷ ነው።

ሩቂያ በእኔ ፊት አልቅሳ አታውቅም። ዛሬ አለቀሰች። እናቴም። እኔ ሳልኩ። ሩቂያ የእናቴን እጅ ይዛ አስገባቻት፤ አጠገቧ ተቀምጣ ስለ ነዚፍ ቤት ሰማች። ወሰንን። እሺ ካሉን እናሳድጋለን፤ አልሐምዱሊላህ። ሩቂያ ወንድ ይሁን ሴት ይሁን አላለችም። የጠየቀችው ስንት ወር እንደቀረው ብቻ ነው።