አማካሪዋ የጻፈችው ስም

ናጋፓቲናም
ማርጋዚ ወር በገባ በሁለተኛው ሐሙስ

ለውድ ልጄ ለካያልቪሊ፣

ሲንጋፖር ዝናቡ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ። ሕመምተኛ ስታስታምሚ ውለሽ የራስሽን ምግብ እንዳትረሺ። በስልክ እንዳልነግርሽ ገና ሁለት ቃል ሳልናገር ታለቅሻለሽ፤ ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

የቀጠርሽልኝ የሥነ ልቦና አማካሪ፣ ሄማላታ፣ ጥሩ ልጅ ናት። የመጀመሪያ ቀን በቪዲዮ ስንገናኝ የበዓል ሳሪዬን ለብሼ፣ ስልኩን የሩዝ ጣሳው ላይ አስደግፌ፣ ሻይ ቀድቼ ፊቷ አስቀመጥኩላት። ሳቀችና እሷም ከቼናይ የራሷን ሻይ አንስታ አሳየችኝ። የሙያ ፈቃዷንም አሳየችኝ፤ የምነግራት ሁሉ ከእሷ እንደማይወጣም ነገረችኝ። የአጎትሽ ሚስት ፓቻይያማል ግን በሩ ላይ ቆማ፣ "ለማልቀስም ይከፈላል እንዴ? እኔ በነጻ እሰማሽ አልነበር?" አለች።

"አንቺማ ትሰሚያለሽ፤ ችግሩ ዓሣ ገበያ ድረስ መሰማቱ ነው" አልኳት።

ሄማላታ የአባትሽን ስም ጠየቀችኝ። እናቴ 'ሚስት የባሏን ስም ከጠራች ዕድሜው ያጥራል' እያለች ነው ያሳደገችኝ። አውሎ ነፋስ ወስዶት ከባሕር ያልተመለሰን ሰው እንዴት ብዬ ዕድሜውን አሳጥርበታለሁ? "የፓላኒ ተራራው አምላክ ስም ነው" አልኳት።

"ገባኝ እማማ፤ ሙሩጋን" ብላ ጻፈች።

አምላኩ ስንት ስም እንዳለው ታውቂያለሽ፤ የአባትሽ ስም ሌላኛው ነው። ላርማት ብል እውነተኛውን መጥራት ሊኖርብኝ ነው። እንደጻፈችው ተውኩት።

እንዲህ ሆኖ ለወራት ስለ ሙሩጋን አወራን። ሙሩጋን ሰማዩ ጠቁሮ ሳለ ለምን ወደ ባሕር እንደወጣ፣ ሙሩጋን የዓሣ ወጡ ሲኮመጥጥበት እንዴት እንደሚነጫነጭ። የሌላ ሴት ባል ይመስል ማውራቱ ቀለለኝ።

ባለፈው ሳምንት ስለ ሠርግሽ ነገርኳት፤ 'አባቷ ሳይመጣ አይሆንም' እያልኩ ቀኑን እንዳስተላለፍኩብሽ። እሷም ቀስ ብላ፣ "እማማ፣ ሙሩጋን የሚመጣ ይመስልዎታል?" አለችኝ።

"የለም፤ ሙሩጋንማ ሞቷል" አልኳት። እንዲሁ፣ የዓሣ ዋጋ እንደምነግራት።

ከዚያ አፌን በሳሪዬ ጫፍ ያዝኩ። "ልጄ፣ የባሌ ስም ሙሩጋን አይደለም" አልኳት። "ቬላዩተም ነው።" ካገባኝ ጀምሮ ስሙን ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ሄማላታ የጻፈችውን ሰረዘች፤ ዓይኗ እንባ ማቅረሩን ያየሁ መሰለኝ።

ካያሌ፣ ልቤ ድሮም ሳያውቅ አልቀረም። ባል የሞተባት ሴት ሠርግ ላይ ከሙሽራ እንደምትርቅ ታውቂያለሽ። ይመጣል ስል የኖርኩት ለእሱ ብቻ አልነበረም፤ ግንባርሽን በእጄ ልቀባሽ፣ የጋብቻ ሐብልሽን፣ ታሊሽን፣ ሳይታሰርልሽ በፊት ነክቼ ልባርክልሽ ብዬ ነው።

ይህንኑ ስነግራት ሄማላታ፣ "ማን ከለከለዎት?" አለችኝ።

"ማንም አልተናገረም። ፓቻይያማል እንኳ በሠርጉ ቀን ቀልዷን ትታ ወንበሬን ቀስ ብላ ወደ ኋላ ትስበዋለች።"

"ካያልቪሊስ ምን ትላለች? ጠይቀዋታል?"

አልጠየቅኩሽም። አሁንም አልጠይቅሽም፤ መልስሽን አውቀዋለሁ። በሠርግሽ ቀን ገደ ቢስ እንድባልብሽ ግን አልፈልግም።

የሚቀጥለው ወር፣ ታይ፣ እንደገባ የሠርጉን ቀን ቁረጡ። አጎትሽና ሚስቱ ይድሩሻል። እኔ በመጪው እሑድ ባሕሩ ዳር የአባትሽን የሙት ሥርዓት እፈጽማለሁ፤ ያን ቀን የመስታወት አምባሬ ይሰበራል፣ ታሊዬ ይወልቃል፣ ግንባሬ ላይ ያለው ቀይ ነጥብ ይጠፋል። ዛሬ ግን እነዚህ የባለትዳር ምልክቶች ሁሉም እላዬ ላይ አሉ። ስለዚህ ባል ያላት እናት ምርቃት ይሁንልሽ ብዬ ዛሬ ልመርቅሽ። የወረቀቱ ጥግ ላይ ያለው ቢጫም ቆሻሻ አይደለም፤ እንደ ሠርግ ጥሪ እርድ ቀብቼው ነው።

ቤትሽ ሙሉ ይሁን። ከደጅሽ የወጣ በደኅና ይመለስልሽ። ባልሽን ሳትፈሪ በስሙ ጥሪው፤ እስከ እርጅናሽ ድረስም "አቤት" የሚልሽ ይሁን።

እናትሽ፣
ታይያልናያኪ