የቀጠሮው ወረቀት

ቡራዩ፣ ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ልጻፍ። ባለቤቴ ሲታመም ፊደል አልለይም ነበር። የሐኪሙን ወረቀት ያነበብኩ መስዬ "ዕረፍ ነው የሚለው" አልኩት። "በሦስት ቀን ይመለስ" ነበር የሚለው። ይህን ያወቅሁት እሱ ከተቀበረ በኋላ፣ ፊደል ቆጥሬ ነው።

ዛሬ ልጄ ሌሊሴ የዚያን ጊዜ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈች፤ አልጋው አጠገብ ወረቀቱን ይዣለሁ። "እያነበበች ያስታመመችው ጀግናዋ እናቴ" ብላበታለች። ጎረቤቴ ጫልቱ በአጥር ላይ "አካም ቡልቴ! አሁንማ ለሰላምታሽም ወረፋ ልንይዝ ነው!" ብላ ሳቀችብኝ።

አስተያየቶቹን ሁሉ አነበብኳቸው። "እንዲህ ያለች ሚስት ያገኘ የታደለ ነው" ይላል አንዱ። ሌሊሴ ደውላ "እማ፣ ሰዎቹን አመሰግናለሁ በያቸው እንጂ!" አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ብዕር አነሣሁ።

ነገ እሑድ ትመጣለች። ፊቷን ማየት ፈራሁ። ወረቀቱን ከዚህ ገጽ ጋር አጥፌዋለሁ፤ ሁለቱም ለሌሊሴ ናቸው።