ጾመኛ ነኝ ያልኩበት ሳምንት

ሰኞ

ዛሬም ራበኝ። እንቁላሌን በሻይ ማንኪያ ቀምሼ ሱቅ ከመክፈቴ ያ ነገር ከጎድኔ ሥር ጀመረኝ። ይጮሃል፣ ይቃጠላል፣ ቆይቶ ደግሞ ጭራሽ ባዶ ይሆናል። ጨጓራዬን እኮ አብዛኛውን ቆርጠው አውጥተውታል። ረሃቡ ከየት ይመጣል? አዲስ አበባ ያለው ሐኪም "ከእንግዲህ ብዙም አይርብሽም" ብሎኝ ነበር።

የቀረችው ተለጥጣ እንዳይሆን ፈራሁ። ከተለጠጠች ውፍረቱ ይመለሳል፣ ስኳሩም ይመለሳል። እናቴ በስኳር እግሯ ተቆርጦ ነው የሞተችው። እኔ ሆዴን ያስቆረጥኩት እግሬ እንዳይቆረጥ ነው። ይህን ከባሌ ከሰይድ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ለሰው ሁሉ የሐሞት ጠጠር ነው ያልነው። "አላህ የሰጣትን ሆድ አስቆረጠች" ከተባለ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ጨርቅ ሊገዛኝ ከሚመጣው ሊያየኝ የሚመጣው ይበዛል።

ቀትር ላይ የጎን ሱቋ ወርቅነሽ ምሳዋን ከፍታ "ነይ እንጂ ከድጃ፣ አንዲት ጉርሻ" አለችኝ። እሷ አንዲት ካለች ሦስት ናት። ሰኞ የሱና ጾም ቀን መሆኑ ትዝ ሲለኝ "የሱና ጾም ይዣለሁ" አልኳት። ወዲያው ተወችኝ። እስከ ዛሬ እንዴት አላሰብኩትም ብዬ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ

ማክሰኞ የሱና ጾም የለም። ስለዚህ "ከረመዳን ያለፈኝን ቀዷ እያወጣሁ ነው" አልኩ። ውሸት ሲጀመር ጥሩ ነው፣ ራሱ ይመራል።

ችግሩ ጾመኛ ውሃ አይጠጣም። የአዲስ አበባዋ ነርስ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ እንድጎነጭ አስጠንቅቃኝ ነበር፤ አንዴ ብዙ መጠጣት አልችልማ። ኮዳዬን ከጣቃው ጀርባ ደበቅኩት። ገበያተኛው ግን ፋታ አይሰጥም። ጠዋትና ማታ ከጠጣሁ ምን እሆናለሁ አልኩ።

ማታ የባሰው መጣ። የሰይድ እናት፣ እማማ ፋጡማ፣ ሊያስታምሙኝ ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር መጥተው እኛ ቤት ናቸው። ወርቅነሽ ጾሜን ነግራቸው ኖሮ ማፍጠሪያ አሰናድተው ጠበቁኝ፤ ተምር፣ ሾርባ፣ ሳምቡሳ። "ታመሽ ቀዷ ታወጫለሽ፣ ማሻአላህ። ጾመኛ ያስፈጠረ ከአላህ አጅር አለው፣ ከእጄ ጉረሺ ልጄ" አሉኝ። የአማትን እጅ ማን ይመልሳል? ተምሩን ዋጥኩ፣ ደገሙኝ። ብዙም ሳይቆይ ልቤ ደረቴን ይደልቀው ጀመር። ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ደግሞ ራበኝ። የበላሁት ገና ከጉሮሮዬ ሳይወርድ።

ረቡዕ

ረሃቦቼን ልለያቸው ሞከርኩ።

የሚያቃጥለው፦ አሲድ ይሆናል።
የሚያንቀጠቅጠው፦ ከጣፋጭ በኋላ ይመጣል።
ሰው ሲበላ ሳይ የሚመጣው፦ ይሄ ዓይኔ ነው፣ ከድሮም አውቀዋለሁ።
አፌን አድርቆ ራሴን የሚያዞረው፦ እንጃ። የሚብሰው እሱ ነው።

ጨርቅ በዓይኔ ለክቼ አልሳሳትም። የገዛ ሆዴን ግን መለካት አቃተኝ።

ዛሬ ወርቅነሽ ውሃ ልትጠጣ ከሱቋ ጓሮ ስትዞር አየኋት። ምነው ስላት "ጾመኛ ፊት አይጠጣም ብዬ ነው" አለችኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ሰይድ ወልድያ ጭነት ይዞ ሄዷል። ደወልኩለት። "ለእናቴ ንገሪያት" አለኝ። "አንተ ንገራት" ስለው ኔትወርኩ ተበላሸበት። ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚበላሽበት።

ሐሙስ

አንዲት ደንበኛ ለሰርግ ጨርቅ ፈልጋ ከላይኛው መደርደሪያ ጣቃ ሳወርድ ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ ጭንቅላቴ ወርቅነሽ ጭን ላይ ነው፣ ከንፈሬ እርጥብ ነው። ደንበኛዋ "ምነው ጾሟን አስፈታሻት?" ትላታለች። ወርቅነሽ ታለቅሳለች። "ይቅር በይኝ ከድጃ፣ ነፍስሽ ይበልጣል ብዬ ነው" አለችኝ።

እሷን ማስለቀስስ አልቻልኩም። "ጾመኛ አይደለሁም። ከሰኞ ጀምሮ አንድ ቀን አልጾምኩም" አልኩ። ደንበኛዋ ጨርቁን ትታ ወጣች። ወርቅነሽ ግን ኮዳዋን አልነጠቀችኝም። ጎንጨት ጎንጨት እያደረግኩ አንድ ላይ ተቀመጥን፤ እየቆየ ረሃቡ ሄደ። አንድም ነገር ሳልበላ ሄደ። ለካ ያ የማላውቀው ረሃብ ጥማት ኖሯል።

ነርሷ ጋ ደወልኩ። ተቆጣችኝ፣ ይገባኛል። ተምሩን ተዪው አለችኝ። "የራበሽ ሲመስልሽ መጀመሪያ ውሃ ተጎንጪ፣ ከዚያ ጠብቂ። ካልሄደልሽ ምግብ ነው። እንዲህ ከወደቅሽ ደግሞ ሐኪም ቤት ሂጂ፣ ቤት አትቀመጪ።" ስለ መለጠጡ ስጠይቃት "ለቀጠሮሽ ስትመጪ ይታያል፤ በዚህ ጊዜ ግን የማስበው አይደለም" አለች።

ከወርቅነሽ ጋር ጤና ጣቢያ ሄደን ግሉኮስ ተሰካልኝ። ቤት ስገባ ለእማማ ፋጡማ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ሆዴ፣ ስለ ረሃቦቼና ስለ ነርሷ ምክር ስነግራቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስለ ጾሙ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። "ሆድሽስ የራስሽ ነው። በጾም ይዋሻል?" አሉ። "እኔስ አጅር አገኛለሁ ብዬ በእጄ ልገድልሽ ነበር" ብለው ለሶላት ተነሱ። ከዚያ ወዲያ አላናገሩኝም።

ዓርብ

ጠዋትም አላናገሩኝም። ሻንጣቸው በር አጠገብ ቆሟል፤ አርዲቦ ተመልሰው ዘመዱን ሁሉ ሊያዳርሱት ነው ብዬ ተጨነቅኩ። ሱቅ አልከፈትኩም።

ከጁምዓ በፊት አንድ ሲኒ ውሃ አጠገቤ አስቀመጡ። "ጠጪ" አሉኝ። ባለቀ ቁጥር ይሞሉታል፣ ቃል ግን የለም።

ከሰዓት በኋላ ሆዴ ጮኸ። ሰሙት። "የትኛው ነው?" አሉኝ።

"እንጃ እማማ።"

ውሃዬን ተጎነጨሁ። እሳቸው ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ፣ እኔ ሆዴን እያዳመጥኩ ጠበቅን። ሰው ረሃብ እንዲመጣለት እንዲህ ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም።

"ሄደ?"

"አልሄደም።"

"ያቃጥላል? ያንቀጠቅጣል?"

"አያቃጥልም። አያንቀጠቅጥም።"

"አብሽሪ፣ እንግዲያው ርቦሻል" አሉና ተነሡ።

እውነት ርቦኝ ነበር። ዕንባዬ መጣ፤ ይሄኛውን ስለማውቀው ነው፣ የድሮው የራሴ ረሃብ ነው፣ ብቻ አንሷል። የሐይቁን ዓሣ እሾሁን ለቅመው አመጡ። ጠቅልለው ወደ አፌ አስጠጉና አዩኝ። ግማሹን መለሱት። እንደገና አዩኝና የቀረውንም ለሁለት ከፈሉት። "ቢስሚላህ በዪ።"

አድቅቄ አኘክሁት። ትንሽ ቆይተው ሌላ አጎረሱኝ። ሦስተኛውን ሲያነሱ "ይበቃኛል እማማ" አልኳቸው። እጃቸው አየር ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ሳይከራከሩኝ ራሳቸው ጎረሱት።