ማረሻ የተቀጠቀጠበት ጥይት

ሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ደሴ

ዛሬ ሰኞ ገበያ ሰፈር ወዳለው የቁርጥራጭ ብረት ሱቄ አንድ የኩታበር ሽማግሌ ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት በአህያ ጭነው መጡ።

«ግዛኝ፤ ወላሂ የሞተ ነው። ካምና ጀምሮ ማረሻዬን ቀጥቅጬ የማቃናው እሱ ላይ ነው» አሉኝ።

«እስካሁን ዝም ያለ ነገም ዝም ይላል ያለዎት ማን ነው?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ብረት ነጋዴ ሆነህ ብረት ትፈራለህ?»

ጥይቱ ሳይፈነዳ ስንት ምት እንደሚችል አይቼ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ብገዛው የማስቀምጥበት የለም። ለቀበሌ ባመለክት መሣሪያ ደብቀዋል ተብለው የሚታሰሩት እሳቸው ናቸው። ሰው ከማይደርስበት እንዲተዉት ለመንኳቸው፤ አልሰሙኝም።

«ካልገዛኸኝ ይቅር፤ ነገ የልጄን ማረሻ አቃናበታለሁ» ብለው መልሰው ጫኑት።

መንደራቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።