የአባዬ ጠረጴዛ እግሮች

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ እማዬ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን፤ ባለቤቴም ሰላም ብላሻለች።

ባለፈው በስልክ ድምፅህ ደክሟል፣ ምን ሆነሃል ስትይኝ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ሸወድኩሽ። እውነቱን ልንገርሽና ልረፍ። ቀኝ ትከሻዬን ይዞኝ ነው የከረመው። ገና መቀስ ሳነሳ ከአንገቴ እስከ አውራ ጣቴ ይጠዘጥዘኛል። የሰው ልብስ እየሰፋሁ የራሴን ሸሚዝ መልበስ አቃተኝ፣ ጉድ እኮ ነው። እንዲህ ከቀጠለ ሱቁን ልዘጋ ነው ብዬ ሆዴ ባባ።

በመጨረሻ ባለቤቴ እየጎተተች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋ ወሰደችኝ። ሴትየዋ ቀልደኛ ናት። ጨርቅ ስትቆርጥ እንዴት እንደምትቆም አሳየኝ አለችኝ። ጠረጴዛችን የቱ ጋ እንደሚደርስ ደረቴ ላይ አመለከትኳትና፣ ትከሻዬን ሰቅዬ በእግሬ ጣቶች ተንጠራራሁ። አየት አደረገችኝና፣ "አንተ ጨርቅ እየቆረጥክ አይደለም፣ አጥር እየዘለልክ ነው" አለችኝ። በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ ትከሻዬ ላይ እንዳደርግ፣ በየመሃሉ መቀሱን አስቀምጬ አንገቴንና ክንዴን ቀስ እያልኩ እንዳፍታታ አስተማረችኝ። እውነትም ቀለል አለኝ። ግን ጠረጴዛው እስከ ክርንህ ካልወረደ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል፣ እግሩን አስቆርጠው አለች።

ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። አባዬ ከሞተ ወዲህ እሱ የሠራበትን ዕቃ ማንም እንዳይነካብኝ ያልሽው ከጆሮዬ አልወጣም። ጠረጴዛው በእሱ ልክ ነው፤ እኔ ደግሞ ቁመቴ ባንቺ ወጥቷል። ይህን ሁሉ ዓመት ተንጠራርቼ ስሠራ እሱን ያከበርኩ ይመስለኝ ነበር። ልጠይቅሽ ስልኩን አነሳለሁ፣ ታለቅስብኛለች ብዬ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ቅዳሜ ጨክኜ አናጢ ጠራሁ። ጠረጴዛውን ገልብጦ ቀለሙን ፋቅ ፋቅ ሲያደርግ ሳቀና ና እስቲ እይ አለኝ። አራቱም እግሮች ከታች የተቀጠሉ ናቸው እማዬ! በሌላ እንጨት፣ በአባዬ በራሱ እጅ፤ ሚስማር መትቶ ጫፉን ማጠፍ የእሱ አመል እንደነበር ታውቂያለሽ። ለካ እሱም ሙያውን ካስተማሩት ሰውዬ ጠረጴዛውን ሲረከብ አጥሮበት ኖሮ ለራሱ አስረዝሞታል። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው። አናጢው መጋዝ እንኳን አላስፈለገውም፣ ቅጥያውን ብቻ ነቀለው።

አሁን ክንዴ ዘና ብሎ ነው የምሠራው። ትናንት ሙሉ ኮት ቆርጬ ስጨርስ ትከሻዬ ትዝም አላለኝ።

አናጢው ቅጥያዎቹን ለማገዶ ልውሰዳቸው ቢለኝ፣ ተዋቸው፣ የሚመጣው ሰው ቁመቱ በማን እንደሚወጣ አይታወቅም አልኩት። ይሄኔ ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ኖሮ፣ "ለእማዬ ሳትነግራት ለአናጢ ትነግራለህ?" ብላ ተቆጣችኝ።

ይኸው ጻፍኩልሽ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ የሚመጣውን የልጅ ልጅሽን ለማቀፍ ያብቃሽ።

ልጅሽ፣ አጭሩ